ፎርጅድ የጠፈር ጀግኖችን መሰብሰብ፦ ከጎንደር ገበያ እስከ መደርደሪያ

በቤቴ መደርደሪያ ላይ ካሉት አሻንጉሊቶች ሁሉ አብልጬ የምሳሳለት፣ በአንድ የጥምቀት በዓል ከፋሲል መዋኛ አጥር ሥር ከሱቅ በደረቴ ልጅ የገዛሁት ብርማ ሮቦት ነው። የራስ ቁሩ እ.ኤ.አ. በ1987 በሲኒማ ከታየው ሮቦት ፖሊስ የተቀዳ ሲሆን ደረቱ ላይ ያለው ክብ መብራት የአይረን ማን ነው፤ ጀርባው ላይ የተሰካው ክንፍ ደግሞ ከማን እንደመጣ ለረጅም ጊዜ አልደረስኩበትም ነበር። ላስቲኩ አናት ላይ በስቴፕለር የተመታው ካርቶን የጀግናውን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ሁለት ፊደል አጉድሏል። ልጁ «ጋሼ፣ ኦርጅናል እኮ ነው!» ብሎ ሲምልልኝ ክንፉን አሳየሁትና ሁለታችንም ሳቅን።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያሉትን ርካሽ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተሠሩና በተለምዶ «ፎርጅድ» የምንላቸውን የሳይንስ ልብወለድ ገጸ ባሕርያት አሻንጉሊቶች ጎንደር ተቀምጦ በሥርዓት መሰብሰብ ለሚፈልግ ሰው ነው። ኦርጅናል የሚሰበስብ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለትክክለኛነት ነው፤ ፎርጅድ ሰብሳቢ ግን የሚከፍለው ለስሕተቱ ነው። የተሳሳተው ቀለም፣ የተዛባው ስም፣ ከሌላ አካል ተነቅሎ የመጣው ራስ፣ ዕቃው ከምን ተነሥቶ በስንት እጅ እንደተቀዳ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መምረጥም ሆነ ስለ ማጠብና ስለ መጠገን የሚሰጠው ምክር ሁሉ ስሕተቱን ለይቶ ስለማወቅና ሳያጠፉ ስለማቆየት ነው።

የፎርጅዱ አመጣጥ

ዛሬ በየሱቁ የምናያቸው ትንንሽ የጠፈር ጀግኖች ቁመትና አቋም በአብዛኛው የተወረሰው ኬነር ከተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት አምራች ነው። የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ኩባንያው አሻንጉሊቶቹን ለገና ማድረስ ስላልቻለ፣ ለወላጆች የሸጠው ወደፊት ዕቃው እንደሚላክላቸው የሚያረጋግጥ ወረቀት ያለበትን ባዶ ካርቶን ነበር፤ አሻንጉሊቶቹ የወጡት በ1978 ነው። ቁመታቸው 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የሚታጠፉትም አምስት ቦታ ላይ ብቻ፣ ማለትም በአንገት፣ በሁለቱ ትከሻዎችና በሁለቱ ዳሌዎች ነበር። ይህ አሠራር ለአምራቹ ፕላስቲክ ይቆጥባል፤ ለገልባጩም ሥራ ያቀልለታል፤ ማውጣት የሚያስፈልገው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈቃድ ያለው ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች፣ በተለይ በፖላንድ፣ በሃንጋሪና በቱርክ፣ ገልባጮች ተነሡ። ከሁሉ የገነነው በቱርክ «ኡዛይ» በሚል ስም የወጣው ነው፤ ቃሉ በቱርክኛ ጠፈር ማለት ነው። ኡዛይ ገጸ ባሕርያቱን በፊልሙ ባልነበሩ ቀለማት ቀብቶ፣ ስማቸውንም እንደፈለገ ለዋውጦ ይሸጥ ነበር። በጊዜው የልጆች ርካሽ መጫወቻ የነበረው ይህ ዕቃ ዛሬ ካርቶኑ ሳይቀደድ ሲገኝ በጨረታ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም መነሻው ከሆነው ኦርጅናል ይበልጣል። ይህን የምጽፈው ገዝቶ ለማትረፍ ለሚያስብ ሰው ተስፋ ለመስጠት አይደለም፤ ከገበያችን የሚለቀመው ዕቃ እዚያ ደረጃ እንዲደርስ አልጠብቅም።

ወደ እኛ የሚደርሰው በአብዛኛው የቻይና ሥራ ነው። በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሻንቱ ከተማ የሚገኘው የቼንግሃይ ወረዳ በአሻንጉሊት ፋብሪካዎቹ የታወቀ ሲሆን፣ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ዕቃ ከዚያው አካባቢ ይወጣል። የሌጎን መገጣጠሚያዎች እየገለበጠ ይሸጥ የነበረውን ሌፒን የተባለ ምልክት የቻይና ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2019 የዘጋውም ሻንቱ ውስጥ ነው። ከቻይና የተጫነው ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ አዲስ አበባ መርካቶ በጅምላ ተከፋፍሎ ጎንደር እስኪደርስ ድረስ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው በመካከል አይገኝም። ማስረጃው ዕቃው ራሱ ብቻ ነው።

ሦስቱን ዓይነቶች መለየት

ፎርጅድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ምን እንደያዙ ለማወቅ አሠራሩን መረዳት ይበጃል። የፕላስቲክ ምስል የሚወጣው ከብረት ተቆፍሮ በሁለት ገጽ ከተሠራ ማውጫ ነው፤ የፋብሪካ ሰዎች «ሞልድ» ይሉታል። ሁለቱ ገጾች ተጋጥመው የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ይገባባቸዋል፤ ሲቀዘቅዝም ትንንሽ የብረት ዘንጎች ቁራጩን ገፍተው ያስወጡታል። በምስሉ ጎን ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር ገጾቹ የተጋጠሙበት ነው፤ በክንድና በእግር ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚገኙት ክብ ጠባሳዎችም የዘንጎቹ አሻራ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት ከኦርጅናሉ ላይ ሞልድ ተወስዶ የተቀዳው ነው። ከከተማችን በስተሰሜን በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሲሠሩት የኖሩትን የሸክላ ምስል ያየ ሰው፣ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ እንደሚያንስ ያውቃል። ፕላስቲክም እንዲሁ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ እንደ ዓይነቱ ከመቶ ከአንድ ያነሰ እስከ ሁለት እጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከ95 ሚሊ ሜትር ምስል ላይ የተቀዳ ቅጂ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ከቅጂው ላይ ዳግመኛ ከተቀዳ ደግሞ ይበልጥ ያጥርና የዓይኑ ሽፋሽፍት፣ የልብሱ እጥፋት፣ የጣቱ መለያ እየደበዘዘ ይሄዳል። የቅጂውን ትውልድ በማስመሪያ መቁጠር ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የተለያዩ ምስሎች አካል ተቀላቅሎ የተሠራው ነው። አንድ ፋብሪካ አንድ ገላ ካለው ራስ ብቻ እየለዋወጠ ሃያ ጀግና ያወጣል፤ የእኔም ሮቦት ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ከሥዕል ታይቶ እንደ አዲስ የተቀረጸው ሲሆን፣ ቀራጩ ገጸ ባሕርይውን ከፊት ብቻ ያየው ስለሆነ ጀርባው ወይ ልሙጥ ነው፣ ወይ የራሱ ፈጠራ አለበት። በእኔ ግምት ከሦስቱ የሚወደደው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጀርባውን ሲያዞሩ የሠሪውን ግራ መጋባት በዓይንዎ ያዩታል።

ወሰን ማበጀት

ያገኙትን ሁሉ መግዛት በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጆንያ ፕላስቲክ ያተርፋል እንጂ ስብስብ አያስገኝም። አንድ ገጸ ባሕርይ መርጦ የሚገኙትን የስሕተት ዓይነቶች ሁሉ መከተል ለጀማሪ ይስማማል፤ ለምሳሌ ባለ ጥቁር የራስ ቁሩ ዳርት ቬደር፣ ክንዱ ላይ ሰዓት ያሰረው ቤን 10፣ ወይም አይረን ማን። የመጨረሻው በየገበያው ስለማይጠፋ ለማነጻጸር ይመቻል። ሌላው አማራጭ ወሰኑን በስሕተቱ ማበጀት ነው፤ ስሙ የተዛባ ማሸጊያ ብቻ፣ ወይም ቀለሙ የተቀየረ ብቻ። እኔ ራሴ የያዝኩት መንገድ ራሱና ገላው የማይዛመድ ብቻ የሚል ነው፤ ያም ሆኖ ወሰኔን ያልጣስኩበት ዓመት የለም።

የት እና መቼ እንደሚፈለግ

ጎንደር ውስጥ ለዚህ ዕቃ ብቻ የቆመ ሱቅ አላገኘሁም፤ ዕቃው የሚገኘው ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቆ ነው። በፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያና የስጦታ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች፣ በቅዳሜ ገበያ ባልዲና ጆግ በሚደረደርበት የፕላስቲክ ዕቃ ተራ፣ በማራኪና በአዘዞ በየመንገዱ ዳር በተዘረጋ ሸራ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል። ከሱቅ በደረቴ ልጆች ጋር መተዋወቅ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንዴ ምን እንደሚፈልጉ ካወቁ ራሳቸው ጠርተው ያሳያሉ፤ «ይኼ ደግሞ ተበላሽቶ የተሠራ ነው፣ አይወዱትም?» ብሎ የጠየቀኝም ልጅ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ባልደረባዬ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ወቅቱ ከእንቁጣጣሽ ይጀምርና በገና በኩል አድርጎ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ላይ ጫፉ ይደርሳል። ለጥምቀት ከየአቅጣጫው ሕዝብ ስለሚገባ ሻጮች አዲስ ዕቃ ያመጣሉ፤ ግዢውን ግን ከበዓሉ ማግስት ወይም ከቃና ዘገሊላ በኋላ ማድረጉ ይሻላል። በዋዜማው ሻጭ አይለመንም፤ ከበዓሉ በኋላ የተረፈውን ይዞ ወደ መጣበት መመለስ አይፈልግም። ክረምት ገበያው ቀዝቃዛ ቢሆንም አሮጌ ዕቃ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ዝናብ አስጠልሎዎት ከቆዩበት ሱቅ ውስጥ ባለቤቷን «እትዬ፣ የቆየ አሻንጉሊት ከኋላ ካለዎት ቢያሳዩኝ» ብሎ በትሕትና መጠየቅ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ ለዓመታት አቧራ የጠጣ ካርቶን ሊያስወርድ ይችላል። ይህ ከሁሉ የበለጠ ማዕድን ነው፤ የቆየው ዕቃ ዛሬ ከሚመጣው የተለየ ሞልድ ነውና።

ከልጅ እጅ ላይ በቀጥታ መግዛት ግን አይገባም። የጎረቤት ልጅ የያዘውን ቢመኙ እናቱ ወይም አባቱ ባሉበት፣ በአዲስ መጫወቻ ለውጠው ይውሰዱ።

በእጅ ይዞ መመርመር

በመጀመሪያ ጀርባውንና የእግሩን መዳፍ ይመልከቱ። በኦርጅናል ላይ የኩባንያው ስምና የባለቤትነት መብቱ ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ገልባጩ ይህን ጽሑፍ ከሞልዱ ላይ ሲደፍነው ብዙ ጊዜ ልሙጥ አራት ማዕዘን ወይም የደበዘዘ የፊደል ጥላ ይቀራል፤ ያ ጥላ ምስሉ ከሥዕል ያልተቀረጸ፣ ከኦርጅናሉ ላይ የተቀዳ መሆኑን ይመሰክራል። አንዳንዱ ላይ የአገሩ ስም ብቻ ተጽፎ የአምራቹ ስም አይገኝም፤ ይህም ይመዝገብ።

ቀጥሎ የመጋጠሚያውን መስመር በጥፍርዎ ይዳብሱ። ሞልዱ ያረጀ ከሆነ ፕላስቲኩ በስንጥቁ ይወጣና እንደ ቀጭን ቅጠል ይንጠለጠላል። መስመሩ በፊት መሐል ላይ፣ አፍንጫን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ከሆነ ለሥራው ግድ ያልነበረው ሰው እንደሠራው ይገባዎታል፤ ለእኛ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ከዚያ ቀለሙን ይመልከቱ። ቀለም የሚረጨው ለየቦታው በተቆረጠ መሸፈኛ ላይ ስለሆነ፣ መሸፈኛው ሲንሸራተት ዓይን ወደ ጉንጭ፣ ቀበቶም ወደ ሆድ ይወርዳል። ከአንድ ካርቶን የወጡ ስድስት ተመሳሳይ አሻንጉሊቶችን ጎን ለጎን አቁመው ቢያዩ ስድስት ዓይነት ፊት ያገኛሉ። እንዲህ ሲያጋጥም ሁለት መግዛት የእኔ ልማድ ነው፤ በጣም የተስተካከለውንና በጣም የተበላሸውን። ሻጮች የተበላሸውን መርጬ ስወስድ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጆሮዎ ላይ አስጠግተው ያናውጡት፤ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወይ የተሰበረ መገጣጠሚያ አለው፣ ወይ የባትሪው ቤት ተላቋል። አንገቱን ሲያዞሩ አያስገድዱ፤ በዚህ ዕቃ አንገት ዙሮ የማይመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ሽታውንም ልብ ይበሉ። አፍንጫ የሚወጋ፣ ከእጅ ላይ ቶሎ የማይለቅ ሽታ ያለውን ዕቃ ስሕተቱ ምንም ቢያምር እዚያው መተው ይሻላል።

ማሸጊያው የስብስቡ ግማሽ ነው። ፎርጅዱ በጣም የሚናገረው በካርቶኑ ላይ ነው፤ ከሦስት ፊልም የተቀላቀለ ሥዕል፣ ውስጥ የሌለ መሣሪያ ምስል፣ አምራች ነኝ የሚል የማይታወቅ ምልክት እዚያ ይገኛል። ሻጩ ለደግነት ብሎ ላስቲኩን ቀዶ ሊያሳይዎ ሲል ፈጥነው «እንዳለ ይሁን» ይበሉ።

ዋጋ

ዋጋ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ዓይንዎ ያረፈበትን ዕቃ መጀመሪያ አያንሡ፤ የባልዲውን፣ የኳሱን፣ ከዚያ የአሻንጉሊቱን ዋጋ ይጠይቁ። የእኔ ልክ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዕቃው ርካሽ ስላልሆነ ከስብስቡ ሐሳብ ይወጣል። ሦስት አራት አንድ ላይ ሲገዙ ይቀነሳል። ሱቅ በደረቴ ልጅ ጋር ግን ለአምስት ብር ብሎ ግማሽ ሰዓት መከራከር ነውር ነው።

የጤና ጉዳይ

ይህ ክፍል ሊዘለል አይገባም። ፎርጅድ ዕቃ ማንም ሳይመረምረው ገበያ የወጣ ስለሆነ በውስጡ ምን እንዳለ ዋስትና የለም። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨመሩት ፍታሌት የተባሉ ኬሚካሎች ከጊዜ ብዛት እየወጡ ገጹን ያጣብቃሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹን በልጆች መጫወቻ ውስጥ ከመቶ 0.1 እጅ በላይ እንዳይገኙ ከልክሏል። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም ደግሞ የእርሳስ ውሕድ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ የሕፃናትን አንጎል የሚጎዳ ብረት ነው። ስለዚህ ስብስቡ የአዋቂ ዕቃ እንጂ የልጅ መጫወቻ አይደለም። ሁሉንም ነገር ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካለበት ቤት ከፍ ባለ ቦታ፣ በሚዘጋ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ። ከነኩት በኋላ እጅ ይታጠቡ፤ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አያጽዱት፤ የደረቀ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት።

የሚበራና የሚጮህ አሻንጉሊት ውስጥ ያሉት የሰዓት ባትሪዎች ከቀለሙ ይበልጥ የሚያስፈሩ ናቸው። በፎርጅድ ላይ የባትሪው ክዳን ብዙ ጊዜ ብሎን የለውም፤ በጥፍር ይከፈታል። ሕፃን የዋጠው የሰዓት ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ጥርጣሬ እንኳ ቢኖር ልጁን ወዲያው ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። እኔ ዕቃው ቤት እንደገባ ባትሪውን አውጥቼ በተለየ ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጣለሁ፤ መብራቱን ማየት ስፈልግ ብቻ እመልሰዋለሁ። አብዛኛው የሚጠቀመው ኤ.ጂ.13 ወይም ኤል.አር.44 የሚባለውን ባለ 1.5 ቮልት ሲሆን ሁለቱ ስሞች የአንድ ዓይነት ባትሪ ስሞች ናቸው፤ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል። ባትሪው አፍስሶ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካገኙ፣ ጥጥ በጥቂት አቼቶ ወይም በሎሚ ነክረው ጠርገው በአልኮል ያድርቁት።

ማጠብ

ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ተለጣፊ ወረቀት ያለበትን ቦታ ውሃ አያስነኩ፤ ከተለጣፊው ሥር የገባ ውሃ ጽሑፉን ይዞ ይሄዳል። በረኪና አይጠቀሙ። አሴቶን ከቤት ይውጣ፤ በስብስቤ መጀመሪያ ላይ አንድ የጠፈር ወታደር ጉንጩ ላይ የነበረችውን የቀለም ነጠብጣብ ላጠፋ ብዬ አሴቶን በነካ ጥጥ ብዳብሰው፣ ነጠብጣቧም አፍንጫውም አብረው ቀለጡ። ነጠብጣቧ ራሷ የፋብሪካው ስሕተት እንደነበረች የተረዳሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የማጸዳው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የመጣውን ቆሻሻ ብቻ ነው፤ አቧራ፣ የእጅ ቅባት፣ የዋጋ ተለጣፊ ሙጫ። ፋብሪካው ያኖረው ግን እንደ ታሪኩ ይቀመጣል።

የሚያጣብቅ ምስል ካለ በላርጎ አጥበው በጥላ ያድርቁት፤ ከወራት በኋላ እንደገና ማጣበቁ ስለማይቀር በየክረምቱ መግቢያ ይድገሙት።

መጠገን

ከመጠገን በፊት ፕላስቲኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። የተነቀለውን ክንድ ወይም መሣሪያ፣ ውስጡ አየር ያልያዘ መሆኑን አረጋግጠው ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። የሚንሳፈፍ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤቲሊን ነው፤ የሚሰምጥ ከሆነ ኤ.ቢ.ኤስ.፣ ፒ.ቪ.ሲ. ወይም የእነሱ ዘመድ ነው። ጥቅሙ ይህ ነው፤ የሚንሳፈፈውን ሱፐር ግሉ አይዘውም። በሙጫ ላይ ሙጫ እየደረቡ ዕቃውን ከማበላሸት ይልቅ በሁለቱ ስባሪዎች ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስቶ አጭር ሽቦ በመካከል ማስገባት ይሻላል። የሚሰምጠውን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ በተነካች አንዲት የሱፐር ግሉ ጠብታ ማያያዝ ይቻላል። ፕላስቲኩን በእሳት አቃጥሎ በሚያወጣው ሽታ መለየትን የሚመክሩ አሉ፤ ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል የሚያወጣው ጢስ ሳንባ ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይሞከር።

በላስቲክ ውስጥ ተጨምቆ የመጣ እግር ወይም ጎራዴ ሲጣመም በሙቅ ውሃ ይቀናል። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበዛል። ውሃው ከፈላ በኋላ አውርደው ጥቂት ደቂቃ ያብርዱት፤ የተጣመመውን ክፍል ብቻ ለአንድ ደቂቃ ነክረው፣ ሲለሰልስ በቀስታ አቅንተው እንደያዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ሳይቀዘቅዝ ከለቀቁት ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል። ባትሪና ሽቦ ያለበትን ክፍል ውሃ አያስገቡ። በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ መጣመሙስ ስሕተት አይደለምን? መልሴ፣ በጭነት የመጣው መጣመም የመንገድ ጉዳት ስለሆነ ይቀናል፤ ሁሉም ተመሳሳይ ምስሎች በአንድ አቅጣጫ ከተጣመሙ ግን ከሞልዱ ሲወጣ ጀምሮ የነበረ ነውና አይነካም የሚል ነው። ሁለት ሁለት መግዛት የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

የላላ መገጣጠሚያ ላይ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን አንድ ዙር ጠቅልሎ መመለስ ይበቃል፤ በፈለጉ ጊዜ ይነሣል። ብሎን ያለው ገላ በሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ይከፈታል፤ ሲመልሱ ግን አያጥብቁ፣ ጥርሱ የተቆረጠው በፕላስቲኩ ላይ ነው። ቀለም መቀባትን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው፤ አይቀቡ።

አቀማመጥ

ጎንደር ላይ የስብስብ ጠላቶች ሦስት ናቸው። የበጋው ፀሐይ በዚህ ከፍታ ስለሚበረታ መስኮት ዳር የቆመ ነጭ ሮቦት ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል። የክረምቱ እርጥበት ካርቶኑን ያጣምማል፣ ያሻግታል። ሦስተኛውን የማንጠረጥረው ነው፤ ቡና በሚፈላበት ክፍል ያለ መደርደሪያ ላይ የዕጣኑና የከሰሉ ጢስ እየተጠራቀመ ቡናማ ቅባት ያለብሳል፤ በሚያጣብቅ ፒ.ቪ.ሲ. ላይ ካረፈ በላርጎም አይለቅም። ዕቃውን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ እንጂ ቡናውን ማስቀረት አይታሰብም።

የሚያጣብቁትን ከሌሎቹ ጋር አያነካኩ፤ ከለስላሳው ፒ.ቪ.ሲ. የሚወጣው ቅባት የጎረቤቱን ጠንካራ ፕላስቲክ ይበላል። በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ በማይታፈን የጫማ ካርቶን ማስቀመጥ በፌስታል ከመቋጠር ይሻላል። ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አይጣሉ፤ እዚያው ትግባ። ካርቶን የሚወድ አይጥ ካለም ቆርቆሮ ሣጥን ይፈልጉ።

መመዝገብ

ያልተመዘገበ ፎርጅድ የተገዛበት ቀን በተረሳ ጊዜ ተራ ፕላስቲክ ይሆናል። አምራቹ ስለማይታወቅ ዕቃውን በጊዜና በቦታ የሚያስረው የእርስዎ ማስታወሻ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ያዘጋጁና ተራ ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ቁመት በሚሊ ሜትር፣ ከተቻለ ክብደት በግራም (የወርቅና የብር ሚዛን ያለው አንጥረኛ ወዳጅ እዚህ ይጠቅማል)፣ የመገጣጠሚያዎቹን ቁጥር፣ በገላው ላይ የተቀረጸ ጽሑፍን፣ የውሃውን ሙከራ ውጤት፣ በመጨረሻም ስሕተቱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ቀለሙ ተሳስቷል» ማለት አይጠቅምም፤ «የግራ ዓይን ከቀኙ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ተቀብቷል፣ ሰማያዊ መሆን የሚገባው ደረት አረንጓዴ ነው» ይበሉ። የክብ ጠባሳዎቹን ቦታም በትንሽ ሥዕል ያመልክቱ፤ ቀለምና ራስ ቢለዋወጥም ጠባሳው ስለማይለወጥ፣ ሁለት የማይመሳሰሉ አሻንጉሊቶች ከአንድ ሞልድ መውጣታቸው የሚታወቀው በእሱ ነው።

ፎቶው በጥላ ብርሃን፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች፣ ማስመሪያ አጠገቡ አቁመው ይነሣ። ካርዱን በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ በኋላ የተሳሳተ ነገር ካገኙ በአንድ መስመር ሰርዘው አዲሱን ከነቀኑ ከአጠገቡ ያስፍሩ እንጂ የድሮውን አያጥፉ።

መለዋወጥ

ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ሲለዋወጡ የካርዱን ግልባጭ አብረው ይስጡ፤ በእግሩ መዳፍ ወይም በማሸጊያው ጀርባ «ፎርጅድ» የሚል ትንሽ ተለጣፊ ያድርጉበት። በእርስዎ እጅ ሳለ ግልጽ የሆነው ነገር ከሁለት ሦስት ሰው በኋላ ለማያውቅ ገዢ ኦርጅናል ተብሎ ሊሸጥ ይችላልና። ከዚህ አልፎ ብዛት እያስመጡ መነገድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበን የንግድ ምልክት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለንግድ መገልገልን ይከለክላል። በመደርደሪያ ላይ ያለች አንዲት አሮጌ አሻንጉሊትና በመጋዘን ያለ አንድ ኩንታል አይመሳሰሉም።

መለዋወጡ ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለመረጃውም ይጠቅማል። የሮቦቴን ካርድ ፎቶ ባሕር ዳር ለሚኖር አንድ ሰብሳቢ በላክሁለት በሳምንቱ፣ እሱ በዚያው ዓመት የገዛውን አረንጓዴ ዘንዶ ፎቶ መለሰልኝ። የዘንዶው ክንፍ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውስጠኛው ገጽ ላይም ሁለት ክብ ጠባሳዎች አሉት፣ አንዱ ከሥሩ አጠገብ፣ ሌላው ከጫፉ። የእኔን አውርጄ ለካሁት። ከዚያም ካርዱ ላይ «የክንፉ ምንጭ አልታወቀም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ከአጠገቡ «ዘንዶ» ብዬ ከነቀኑ ጻፍኩ።